ማደሪያ በተራራው ከተማ፤ ወደ ኢንስብሩክ ለሚጓዙ ቤተሰቦች የቀረበ ምክር

ከቤቱ ወጥቶ በሰው አገር የሚያድር ሰው ሦስት ነገሮችን ይዞ ይሄዳል፤ ይኸውም ሥጋውን፣ ገንዘቡንና የሃይማኖቱን ሥርዐት ነው። ሥጋው ዕረፍት ያሻዋል፤ ገንዘቡ ጥበቃ ያሻዋል፤ ሥርዐቱም ጸሎቱ የሚደርስበት፣ ጾሙም የሚጠበቅበት ስፍራ ያሻዋል። ማደሪያው ያለ ምክር የተያዘ እንደ ሆነ ከሦስቱ አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስቱ በአንድነት ይጎዳሉ።

በዘመናችን ልጆቻቸውን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አውሮፓ የላኩ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ልጁ ትምህርቱን ሲፈጽም ለምረቃው፣ ልጅቱም ስትወልድ ለመጠየቅ፣ በብዙ ዓመት ከተጠራቀመ ገንዘብ የመንገዱን ወጪ ከፍለው ይሄዳሉ። የተማሪ መኖሪያ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ጠባብ ክፍል ስለ ሆነ፣ ወላጆቹ በሆቴል ማደራቸው የግድ ይሆናል። እንግዲህ ያ ሆቴል በምን ይመረጥ? ብዙ ሰው በሥዕሉ ማማር ይመርጣል። እኛ ግን በእግር፣ በማዕድና በኪስ ተመዝኖ ይመረጥ ዘንድ እንመክራለን፤ ምክንያቱንም በአንዲት ከተማ ምሳሌነት እናስረዳለን። ይህችውም በኦስትሪያ አገር፣ በቲሮል ክፍለ ሀገር፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኘው ኢንስብሩክ ናት።

የከተማይቱ ሁኔታ

የስሟ ትርጓሜ «የኢን ወንዝ ድልድይ» ማለት ነው። ከጀርመን ወደ ኢጣልያ የሚሻገር መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ በዚህች ከተማ አልፎ የብሬነርን ማለፊያ ይወጣ ስለ ነበር፣ ከተማይቱ የእንግዶች ማረፊያ ሆና ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1669 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1976 የክረምት ኦሊምፒክ ውድድር ተደርጎባታል። ስለዚህ ተማሪውም፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተውም፣ አገር ጎብኚውም በአንድ ላይ ማደሪያ ይሻሙባታል።

በዚያ ተራራማ አገር እንግዳን ማሳደር ጥንት የምጽዋት ሥራም ነበረ። ከኢንስብሩክ በስተ ምዕራብ በአርልበርግ ተራራ ማለፊያ ላይ፣ ሃይንሪኽ የተባለ፣ በሕፃንነቱ ተጥሎ የተገኘና እረኛ የነበረ ሰው፣ በበረዶ ውስጥ የሚሞቱትን መንገደኞች አይቶ አዝኖ እ.ኤ.አ. በ1386 የእንግዶች መጠለያ አቁሟል። ይህ ሥራ የአባታችንን የአብርሃምን ድንኳን ያስታውሰናል። ዛሬ ግን ማሳደር ንግድ ነው። ንግድ በመሆኑ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በምጽዋት ቤት እንግዳ ያመሰግናል፣ በንግድ ቤት ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም ይኸው አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ስለ ከፍታው የሚሠጋ ሰው ቢኖር ሥጋቱን ይተው። ከተማይቱ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ በ574 ሜትር ላይ ነው። ከበላይዋ በቆመው በኖርድኬተ ተራራ ላይ በገመድ የሚሳበው ሠረገላ የሚደርስበት የመጨረሻው ጣቢያ፣ ሃፈለካር የሚባለው፣ 2,256 ሜትር ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአዲስ አበባ ሰው ከዚያ ጣቢያ ከፍ ባለ ስፍራ የሚኖር ነው። የሚያስፈራው ከፍታው ሳይሆን ብርዱና ከእግር በታች የሚያንሸራትተው በረዶ ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ከዚያ በፊት ወደ ማደሪያቸው ቢመለሱ ይሻላል። ጎማው ጥርስ ያለው ጫማም ከካፖርት በፊት ይታሰብ።

ቀኑና ሰዓቱ

ክፍል ሲያዝ የመጀመሪያው መሰናክል የእኛና የእነርሱ አቆጣጠር ልዩነት ነው። በኦስትሪያ 12.8 ተብሎ ቢጻፍ ኦገስት 12 ቀን ማለት ነው፤ ይኸውም በእኛ ነሐሴ 6 ነው። ስምንተኛውን ወር ሚያዝያ ብሎ የሚቈጥር ሰው ሳያስበው ይሳሳታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ሆቴሎች ክፍሉን ለእንግዳ የሚያስረክቡት በእነርሱ 15 ሰዓት ሲሆን፣ ይህ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ክፍሉን ለቅቆ መውጫው ደግሞ በእነርሱ 10 ወይም 11 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል። ከዚህም በላይ የኦስትሪያ ሰዓት በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸውም በ1 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንደ ሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ቀኑ ተለውጧልና የሚያዘው ክፍል ከሚደረስበት ቀን ጋር ይነጻጸር። በባቡር የሚሄድ ሰው ከቪየና ወደ ኢንስብሩክ ከ4 ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ፣ ከሙኒክ ደግሞ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በአውሮፕላን እስከ ከተማይቱ የሚሄድም ቢሆን ከደቡብ በብሬነር በኩል የሚነፍሰው፣ ፎን የሚባለው ሞቃትና ብርቱ ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ ሌላ ከተማ ሊያስዞረው እንደሚችል ይወቅ። በትንንሽ ሆቴሎች የእንግዳ መቀበያው በማታ ይዘጋል። ስለዚህ የሚደርሱበትን ሰዓት አስቀድሞ ጽፎ ማስታወቅና ቁልፉ ከወዴት እንደሚገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቪዛው ሳይገኝ ገንዘቡ አይከፈል

ወደ ኦስትሪያ ለመግባት የሸንገን ቪዛ ይጠየቃል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢዘገይም ከ15 ቀን በታች መሆን አይገባውም። ከማመልከቻው ጋር የማደሪያ ማስረጃና ቢያንስ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ይቀርባል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር አለ። ሆቴሎች አንዱን ክፍል በሁለት ዋጋ ያቀርባሉ። አንደኛው ዋጋ ርካሽ ሆኖ ገንዘቡ የማይመለስበት ነው፤ ሁለተኛው ጥቂት ይወደድና እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ነው። ቪዛው ገና በእጁ ያልገባ ሰው ርካሹን መርጦ ቢከፍል፣ ቪዛው የተከለከለ ወይም የዘገየ እንደ ሆነ ገንዘቡ ሁሉ ይቀርበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ጉዳይ የሚመስለው ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። ስለዚህ ሊሰረዝ የሚችለውን ክፍል መያዝ፣ የመሰረዣውንም የመጨረሻ ቀን በግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ በእኛ ወር ተርጉሞ ማስፈር መልካም ነው። በቦታ መያዣው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስምም በፓስፖርቱ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ሆቴሉ እንግዳውን ሲመዘግብ ሁለቱን ሊያነጻጽር ይችላልና።

የትኛው ሰፈር ይመረጥ?

አሮጌው ከተማ እጅግ ያማረ ነው። በአፄ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1500 የተፈጸመውና በ2,657 በወርቅ የተለበጡ የመዳብ ጠፍጣፎች የተከደነው «የወርቅ ጣሪያ» ያለው በዚያ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በሚባለው ካቴድራልም ሉካስ ክራናኽ የሣለው፣ ሕዝቡ እጅግ የሚያከብረው የእመቤታችን ሥዕል ይገኛል። ነገር ግን በዚህ ሰፈር መንገዱ ለእግረኛ የተለየ በመሆኑ መኪና እንደ ልብ አይገባም፤ ሻንጣውም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ይጎተታል። ቤቶቹ ጥንታውያን ስለ ሆኑ አሳንሰር የሌላቸው አሉ፤ በማታም የመጠጥ ቤቶቹ ድምፅ ይሰማል። ለወጣት ይመቻል፤ እግሯ ለሚያማት እናት ግን አይመችም።

በዋናው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉት ሆቴሎች ያን ያህል ለዐይን የሚያምሩ አይደሉም። ሆኖም ባቡሩ፣ አውቶቡሱና ትራሙ በደጅ ናቸው፤ አሮጌው ከተማም በዝግታ ለሚሄድ ሰው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይርቅም። የአውሮፕላን ማረፊያውም ቢሆን ከከተማው መካከል በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አውቶቡስ በአጭር ጊዜ ያደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱና አረጋውያንን ለያዙ ቤተሰቦች እኛ ይህን ሰፈር እንመርጣለን።

ከከተማው በላይ ደግሞ እንደ ኢግልስና እንደ ሁንገርቡርግ ያሉ መንደሮች አሉ። አየሩ ንጹሕ፣ ሌሊቱም ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው አውቶቡስ ወይም ባቡር የሚነሣበትን ሰዓት የማያውቅ ሰው ከከተማ ሲመለስ የታክሲ ዋጋ ይከፍላል። በአጭሩ፣ ሰፈር የሚመረጠው ከቤተሰቡ መካከል እግሩ በደከመው ሰው እንጂ በብርቱው አይደለም።

ጾሙና ማዕዱ

አሁን ክርስቲያን ቤተሰብን ከሌላው መንገደኛ ወደሚለየው ነገር እንመጣለን። በኢንስብሩክ ሆቴሎች የሚበዙባቸውና ዋጋ የሚወጣባቸው ሁለት ወራት ከጾሞቻችን ጋር ይገጣጠማሉ። የገና ገበያቸው ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ይቆማል፤ የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን፣ በእነርሱ ኖቬምበር 24 ይገባል። የልደት በዓላቸው ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ስለሚውል፣ እነርሱ ሲፈስኩ እኛ በጾሙ መካከል ነን። በበጋቸውም ኦገስት 15 የእመቤታችን በዓል ሆኖ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ እኛ ግን በዚያን ቀን በነሐሴ 9 ጾመ ፍልሰታ ላይ ነን።

የቲሮል ማዕድ የእርሻና የከብት አገር ማዕድ ነው፤ ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉና የአሳማ ሥጋው ይበዛል። ክኖደል የሚባለው እንደ ኳስ የተድቦለቦለው ምግብ ዳቦ ቢመስልም እንቁላልና ወተት አለበት። ግሮስትል የሚባለውም የድንች ጥብስ ሥጋ ይጨመርበታል። «ቬጀታሪያን» የሚለው ቃልም ለእኛ ጾም አይበቃም፤ ሥጋን እንጂ አይብና እንቁላልን አይከለክልምና። የእኛን ጾም የሚመስለው «ቪጋን» የሚባለው ነው። ቃሉን ላልተረዳ አስተናጋጅ በጀርመንኛ «ኦነ ፍላይሽ፣ ኦነ ሚልኽ፣ ኦነ ቡተር፣ ኦነ አየር» ቢሉት፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነውና ይረዳል።

የቁርሱንም ነገር በስሌት እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል በሌሊት 120 ዩሮ፣ ቁርሱም ለአንድ ሰው 18 ዩሮ ነው እንበል። ለ6 ሌሊት ክፍሉ 720 ዩሮ ሲሆን፣ የሁለቱ ሰዎች ቁርስ 216 ዩሮ ይሆናል፤ ይህም ለሁለት ሌሊት ማደሪያ ሊበቃ ጥቂት የቀረው ገንዘብ ነው። የሆቴል ቁርስ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይነሣል። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ያልበላውን ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ቁርስ የሌለበትን ክፍል፣ ከተቻለም ትንሽ ማብሰያ ያለውን የኪራይ ቤት መያዝ ሥርዐትንም ገንዘብንም ይጠብቃል።

ማብሰያ ላለው ቤት ሽሮና በርበሬ በሚገባ ታሽጎ ሊሄድ ይችላል። ሥጋና ወተት፣ ከእነርሱም የተሠራው ሁሉ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ አገር በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይገባ በሕግ የተከለከለ ነውና፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ለልጅ ተብለው አይጫኑ፤ በጉምሩክ ተወስደው ይጣላሉ። ሱቆች ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋሉ፤ እሑድና በበዓላትም አይከፈቱም። እንጀራውን የሚተካ ዳቦ፣ ምስር፣ ድንችና ፍራፍሬ ከቅዳሜ በፊት ይገዛ፤ ያልገዛም በባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለውን ሱቅ ይሞክር። ውኃ ግን በጠርሙስ መግዛት አያሻም። የከተማው የቧንቧ ውኃ ከተራራው ምንጭ የሚመጣ ንጹሕ ውኃ ነው።

ጸሎቱና ጭሱ

በክፍሉ ውስጥ የሚጸልይ ሰው ምሥራቁን ለማወቅ አይቸገርም። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የኖርድኬተ ሰንሰለት ከየአደባባዩ ስለሚታይ፣ እርሱን በግራ እጁ ያደረገ ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው።

ዕጣን ማጠን፣ ጧፍ ማብራትና ቡና መቁላት ግን በሆቴል ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። በጣሪያው ላይ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ፤ ጭሱ ሲነካው ደወሉ ይጮኻል፤ የሌላውም እንግዳ ዕረፍት ይታወካል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በከንቱ የተጠሩ እንደ ሆነም ወጪው በእንግዳው ላይ ሊወድቅ ይችላል። መዝሙረ ዳዊት ያለ ዕጣን ይደገማል፤ ቡናውም ተቆልቶና ተፈጭቶ ከቤት ሊወሰድ ይችላል። የባልንጀራን ዕረፍት መጠበቅ ራሱ የክርስቲያን ሥራ ነው።

ቅዳሴን ለማስቀደስ የሚፈልግ ቤተሰብ በቪየናና በሙኒክ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበረ ምእመናን እንዳሉ ይወቅ። ቅዳሴያችን ማልዶ ስለሚጀመር ቅዳሜ ሌሊቱን በዚያው ከተማ ለማደር ከወዲሁ ማቀድ፣ ለዚያች አንዲት ሌሊትም በኢንስብሩክ እጥፍ ኪራይ እንዳይከፈል ቀኖቹን ማቀናጀት ያስፈልጋል። ሙኒክ በጀርመን ግዛት ያለች ስለ ሆነች በባቡር ውስጥ ፓስፖርት ሊጠየቅ ይችላልና በሆቴል አይተው።

ለሆቴሉ የሚጻፉ ጥያቄዎች

እንግዲህ ክፍሉ ከመያዙ በፊት ልጁ ወይም ዘመዱ ለሆቴሉ እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ይጻፍ፤ መልሱንም አትሞ ለወላጆቹ ይላክ።

አንደኛ፣ ክፍሉ እስከ የትኛው ቀን ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል?

ሁለተኛ፣ በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው የእንግዳ ግብር በዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይስ በመጨረሻ ይጨመራል? ልጆችስ ከስንት ዓመት ጀምሮ ይከፍላሉ?

ሦስተኛ፣ አሳንሰር አለ ወይ? ወደ አሳንሰሩስ ለመድረስ ደረጃ ይወጣል ወይ?

አራተኛ፣ ቁርሱን ቀንሶ ክፍሉን ብቻ መያዝ ይቻላል ወይ?

አምስተኛ፣ አልጋው አንድ ሰፊ አልጋ ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ? እናትና ወንድ ልጅ በአንድ ክፍል የሚያድሩ እንደ ሆነ ይህ ጥያቄ መዘንጋት የለበትም።

ስድስተኛ፣ በምሽት ቢደረስ ቁልፉን ማን ይሰጣል?

ሰባተኛ፣ ሆቴሉ የእንግዳ ካርድ ይሰጣል ወይ? በከተማይቱ ብዙ ሆቴሎች ቢያንስ 2 ሌሊት ለሚያድር እንግዳ ያለ ዋጋ የሚሰጡት ካርድ አውቶቡስና ትራም ያሳፍራል፤ ይህም ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

ከእነዚህ ጋር የሆቴሉ አድራሻ በጀርመንኛ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይቀመጥ። በዚያው ወረቀት ጀርባ 144 የአምቡላንስ፣ 140 የተራራ ነፍስ አድን፣ 112 የጠቅላላ አደጋ መጥሪያ መሆናቸው ይጻፍ። ዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያንም መድኃኒታቸውን ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳቸው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያድርጉት።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ወላጅ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው የተራራውን ውበት ሊያይ ብቻ አይደለም፤ የልጁን ፊት ሊያይ ነው። ስድስት ቀን ብቻ የሚቆይ ሰው ሁለቱን ቀን ሆቴል በመለወጥ፣ አንዱን ቀን በገንዘብ ክርክር፣ ሌላውንም የሚጾምበትን ምግብ ፍለጋ ካሳለፈው፣ ከልጁ ጋር የሚቀመጥበት ጊዜ ምን ያህል ነው? አስቀድሞ የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ እነዚያን ቀኖች ልትመልስ ትችላለችና አትናቋት። እግዚአብሔር አምላክ መንገደኞቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን።